የሚመጣ ሰው ካለ…

«ካርድሽ እንዳያልቅብሽ ቶሎ ልንገርሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ የሚመጣ ሰው ካለ ለወንድምሽ ያንን ኮምፒውተር የሚሉትን ላኪለት።»

እንዲህ ያሉት የዓባይ ማዶ ጎረቤታችን ናቸው። ጊዜው 1996 ዓ.ም. ገና መጥባቱ ነበር። ልጃቸው ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ «ፖሊ» ግቢ ምሕንድስና ጀምሮ፣ የቤት ሥራህን በኮምፒውተር ጽፈህ አምጣ እየተባለ ሲንከራተት ይውላል። ይህን ሁሉ እንዴት አወቅህ የምትሉኝ ከሆነ፣ ስልኩ የእኛ ቤት ስልክ ነበር። በዚያ ዘመን የጎረቤት ስልክ ምሥጢር አያውቅም። ከአሜሪካ ሲደወል እኛ ሮጠን እንጠራለን፤ እሳቸው ነጠላቸውን እያጣፉ ይመጣሉ፤ መስመሩ ጥሩ ስለማይሰማ ይጮኻሉ፤ መንደሩ በሙሉ ይሰማል።

ልጅቷ እሺ አለች። ኋላ አገር ቤት መጥታ እንዳጫወተችን ኮምፒውተሩን የገዛችው ከወንበሯ ሳትነሣ ነው። የሻጩ ድርጅት ካታሎግ በፖስታ መጥቶላት ነበር። ገለጠች፣ መረጠች፣ ደወለች፣ የባንክ ካርዷን ቁጥር ተናገረች፣ የቤቷን አድራሻ ሰጠች። በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ ካርቶኑን በሯ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«በር ላይ? ሰው ሳይወስደው?» አሉ እናቷ።

«ሰው ሳይወስደው፣ እማዬ።»

«ሻጩን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። እሱም አያውቀኝም።»

እናትዬው አማተቡ።

ልብ በሉ፤ ካርቶኑ ከሻጩ ተነሥቶ የልጅቷ በር ላይ ለመድረስ አምስት ቀን ፈጀበት። ከእሷ በር ተነሥቶ ዓባይ ማዶ ለመድረስ ግን ሰባት ወር ወሰደበት። ለምን ቢባል፣ የሚመጣ ሰው አልነበረማ!

መጀመሪያ ለሠርግ የሚመጣ ሰው ተገኘ፤ ሻንጣው ሞልቶ ነበር። ቀጥሎ ለፋሲካ የሚመጡ አንድ አዛውንት ተገኙ፤ እሳቸው ደግሞ «እኔ የኤሌክትሪክ ነገር አልይዝም፤ ጉምሩክ ላይ ያስቸግረኛል» አሉ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፈለ። ሲፒዩ የምንለውን ሣጥን አንድ ታክሲ ነጂ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ኪቦርዱና ማውሱ ለእናቷ ለቅሶ ከምትመጣ ሴት ጋር ደረሱ። ቴሌቪዥን የሚያህለው ስክሪን በሻንጣ ስለማይገባ አዲስ አበባ አሮጌ ተገዛ። ከዚያ አጎትየው ሁሉንም ሰበሰቡና በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ ደብረ ማርቆስ አድረው፣ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ሰኔ ላይ የዓባይን ድልድይ ተሻገሩ።

የዚያን ዕለት ቡና ተፈላ፤ ፈንድሻ ተበተነ። ጎረቤት ሁሉ ገባ። ከጎረቤቱ መካከል እናቱ ጉሊት የሚቸረችሩ አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ከሣጥኑ ኋላ ተንበርክኮ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ 115 ይላል። የእኛ መብራት 220 አይደል?» አለ።

«አንተ ልጅ! አትንካ! ዞር በል!»

ዞር አለ። ሶኬቱ ተሰካ። ጧ! ጭስ ብን አለና ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። እናትዬው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆዩና «ሰባት ወር ጠብቄው ሰባት ደቂቃ አልቆየልኝ» አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ገደማ ነው፤ የእኛው 220። የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከኋላቸው ከ115 ወደ 230 የምትገፋ አንዲት ትንሽ ቀይ ማብሪያ መሳይ ነበረቻቸው። በጥፍር ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። ይህ በመመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር። መመሪያው ግን ከካርቶኑ ጋር አሜሪካ ቀርቷል፤ ለኪሎ ሲባል። የዋስትናው ወረቀትም እዚያው ካርቶን ውስጥ ነበር።

ስለ አንድ ሣጥን ይህን ያህል ያወራሁት ያለ ነገር አይደለም። በአምስቱ ቀንና በሰባቱ ወር መካከል ያለው ልዩነት የባሕርና የውቅያኖስ ብቻ አይመስለኝም። የታሪክም ልዩነት ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

ዕቃን በፖስታ አዝዞ መግዛት አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ለከተሜው ተብሎ አይደለም፤ ለባላገሩ ነው። አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል ሰው በየገጠሩ እየዞረ ሲሸጥ፣ ገበሬው በአቅራቢያው ካለችው አንዲት ሱቅ ባለሱቁ በቆረጠለት ዋጋ እንደሚገዛ አየ። እ.ኤ.አ. በ1872 ቺካጎ ተቀምጦ የ163 ዕቃዎችን ዋጋ በአንድ ገጽ አሳተመና ለገበሬዎች በተነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ዕቃውን ያልወደደ ይመልስ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል የሚል ቃል ገባ። ይህ ቃል ቀላል እንዳይመስላችሁ። አይቶት ለማያውቀው ሰው «ባታምነኝም ግድ የለም፤ እኔ ላምንህ» ማለት ነው።

መንግሥትም የበኩሉን አደረገ። እስከዚያ ድረስ የአሜሪካ ገበሬ እንደ እኛው ደብዳቤውን ለመውሰድ ከተማ ድረስ መሄድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ግን ፖስተኛው በየእርሻው ደጅ መዞር ጀመረ። በ1913 ደግሞ ፖስታ ቤቱ ከደብዳቤ አልፎ ጥቅል ዕቃ በርካሽ ማድረስ ጀመረ። ሕዝቡ ፖስታውን ከማመኑ የተነሣ በዚያው ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ባልና ሚስት ሕፃን ልጃቸውን በ15 ሳንቲም ቴምብር ወደ አያቱ ቤት ላኩት! አልቀልድም። ፖስተኛው ተቀብሎ አደረሰው። ኋላ ነገሩ ሲበዛ ሰው በፖስታ መላክ ተከለከለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የግል ኮምፒውተርም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በጥር 1975 «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው መጽሔት ሽፋኑ ላይ «አልቴር 8800» የሚባል መሣሪያ አወጣ። ሠሪው ኒው ሜክሲኮ በረሃ ውስጥ አልበከርኪ በምትባል ከተማ ያለ፣ ዕዳ አንገቱ ድረስ የደረሰ ትንሽ ድርጅት ነበር። ዋጋው 397 ዶላር፤ የሚላከው በፖስታ፤ የሚገጣጥመው ገዢው ራሱ፣ ብረት እያቀለጠ። ስክሪን የለውም፤ ኪቦርድ የለውም፤ ፊቱ ላይ የተደረደሩ ማብሪያና ማጥፊያዎችና ብልጭ ድርግም የሚሉ ትናንሽ መብራቶች ብቻ ናቸው። ሆኖም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አይቶት ለማያውቀው ድርጅት ገንዘቡን ልኮ ወራት ጠበቀ።

ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ነው። መጽሔቱ ፎቶ እንዲያነሣው ወደ ኒውዮርክ የተላከው የመጀመሪያው አልቴር መንገድ ላይ ጠፋ! ጊዜ ስላልነበረ ሽፋኑ ላይ የወጣው ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ነው። እንግዲህ ዓለምን የለወጠው ኮምፒውተር ገና ሲወለድ መላኪያ ላይ ጠፍቷል። የእኛ በጭስ መቀበሉ ምን ይገርማል?

ያንን መጽሔት ካነበቡት መካከል ቢል ጌትስና ፖል አለን ነበሩ። በዚያው ዓመት ለአልቴር የሚሆን ፕሮግራም ጽፈው ማይክሮሶፍትን እዚያው አልበከርኪ መሠረቱ። በ1984 ማይክል ዴል የተባለ የ19 ዓመት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአንድ ሺህ ዶላር ኮምፒውተር በስልክ እየታዘዘ ገጣጥሞ መላክ ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት አዮዋ ውስጥ በአንድ እርሻ ቤት ጌትዌይ የሚባል ድርጅት ተነሣ። ከብት አርቢ ቤተሰብ ነበርና ኋላ የኮምፒውተሩን ካርቶን እንደ ላም ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ አደረገው። በፖስታ ንግድ ያደገው ባላገር ልጁ ተራውን ለከተሜው ኮምፒውተር ላከ ማለት ነው።

እኛስ?

እኛ ፖስታ የጀመርነው ብዙ ዘግይተን አይደለም። አፄ ምኒልክ ፖስታ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚሄደው በመልእክተኛ እግር፣ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ተሰክቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የንጉሡና የአንበሳ ምስል ያለባቸው ሲሆኑ የታተሙት ፓሪስ ነው። አያችሁ፤ ቴምብሩ ራሱ ከውጭ ታዝዞ የመጣ ዕቃ ነው። በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። እስከዚያ ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የእኛ ቴምብር ብቻውን አይበቃውም፤ ጅቡቲ ሲደርስ የሌላ ቴምብር ይጨመርበት ነበር።

ማዘዝም አልቸገረንም። ምኒልክ ካታሎግ ወዳድ ቢኖሩ እሳቸው ነበሩ ማለት ይቻላል። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ አስመጥቶላቸው፣ ያንን ተራራ የሚያህል ብረት ሕዝብ በገመድ እየጎተተ አዲስ አበባ አድርሶታል፤ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ የሚወራው እሱ ነው። ከንጉሡ በኋላም መንግሥት ሲያዝዝ ኖሯል። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው በጣሊያን የጦር ካሣ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ። የከተማችን ግማሹ አካል ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብንል አንዋሽም።

ልዩነቱ ታዲያ የት ላይ ነው? እዚያ ከሩቅ ማዘዝ የገበሬው ሆነ፤ እዚህ የቤተ መንግሥትና የመንግሥት ሆኖ ቀረ። መንግሥት ሲያዝዝ መርከብ ይመጣል። የእኔ ጎረቤት ሲያዝዙ ሰው ይፈለጋል።

ለምን? አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከማያውቀው ሰው ዕቃ ለማዘዝ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ አድራሻ፣ ገንዘብ መክፈያና ዋስትና።

አድራሻን እንውሰድ። ዓባይ ማዶ ቀበሌ የሰጠን የቤት ቁጥር ነበረን፤ በራችን ላይ ተጽፏል። ግን መታወቂያ ለማውጣት እንጂ ፖስታ ለማምጣት አላገለገለም። ለእኛ ፖስታ ማለት ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ የተደረደረ ሣጥን ነው። ሣጥን የሌለው «በእገሌ መሥሪያ ቤት በኩል»፣ «በእገሌ ትምህርት ቤት በኩል» እያለ ይጽፋል። ቤታችሁ የት ነው ሲባል የምንሰጠው መልስስ? «ድልድዩን ተሻግረህ፣ ዋርካውን አልፈህ፣ ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል።» ይህ አድራሻ አይደለም። ይህ ደግሞም ሰው ነው።

ገንዘቡም እንደዚያው። ብራችን ከድንበር ወዲያ ወረቀት ነበር። የውጭ ምንዛሪ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ስር ስለነበረ፣ አንድ የባሕር ዳር ተማሪ ካታሎግ አይቶ ለቴክሳስ ድርጅት ገንዘብ ልላክ ቢል ባንኩ ይስቅበት ነበር። ባለ ገንዘብ ቢሆን እንኳ።

ዋስትናስ? እሱን ነገር አናውቀውም እንዳልል ከዋስትና የሚበልጥ ነገር አለን፤ አደራ የሚባል። አገሩ ጣና ዳር አይደል! የጣና ደሴቶች ገዳማት እኮ የአደራ ቤቶች ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም በአደራ ተቀምጧል። በግራኝ ጦርነት ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ደሴቶቹ እየተሻገሩ ተደብቀዋል። መነኮሳቱ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚል ሕዝብ ነው። ፖስታ ቤታችን እንኳ ተመዝግቦ በፊርማ የሚደርሰውን ደብዳቤ ምን ብሎ ነው የሚጠራው? «የአደራ ደብዳቤ»!

ያ ታክሲ ነጂ ሣጥኑን በራሱ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲያመጣ አምስት ሳንቲም አልተቀበለም። ለቅሶ የመጣችው ሴት እያለቀሰች ኪቦርድ ማድረሷን አልረሳችም። የትኛው ድርጅት ይህን ያደርጋል? ማንም። አደራ እንዲህ ያለ ክቡር ነገር ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ አደራ የሚሠራው ለሚያውቁት ሰው ነው። ሰው ላለው ይሠራል። ሰው ለሌለውስ?

አሁን ወደዚያች በ15 ሳንቲም ወደ ተላከች ነፍስ ልመልሳችሁ። አሜሪካኖቹ ሰው በፖስታ መላክን ከከለከሉ ከሰማንያ ዓመት በኋላ እኛ ጀመርነው። ዲቪ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው የዲቪ ዕጣ ለ1995 የወጣው ሲሆን፣ ለዓመታት የሚሞላው በወረቀት ነበር። ነጭ ወረቀት፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶግራፍ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ፖስታ፣ ከዚያ ቴምብር። ጎረቤቴ ልጅ ፖስታዋን ባሕር ዳር ፖስታ ቤት ስታስገባ አብሬያት ነበርኩ። አድራሻው ፖርትስማዝ፣ ኒው ሃምፕሸር ይል ነበር። ፖርትስማዝ የት እንደሆነ እሷም እኔም አናውቅም። ፖስታውን ሳመችና አስገባችው። መልሱ የመጣው አባቷ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ፖስታ ሣጥን ነው።

እንግዲህ አስቡት። እነሱ በፖስታ ዕቃ አዘዙ፤ እኛ በፖስታ ሰው ላክን። ከዚያ የተላከው ሰው ዕቃ እንዲልክልን ስልክ ደወልን። የእኛ ካታሎግ፣ የእኛ ድርጅት፣ የእኛ ዋስትና እሱው ሆነ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። አሜሪካ ያለው ወገናችንም እንደዚሁ ነው። ሌሊት ይሠራል፤ ቀን ይሠራል፤ ለእረፍት ሲመጣ የሌላ ሰው ግንድ ተሸክሞ ይመጣል። ከሁለት ሻንጣው አንዱ የራሱ አይደለም።

ፊደላችንም በኮምፒውተር ላይ የመጣው በዚሁ በማዶኛው እጅ ጭምር ነው። ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒውተር ሲከፈት አማርኛ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ግዕዝን በኮምፒውተር ለመጻፍ ደክመዋል። አገር ቤትም እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገባ። ያ ከመሆኑ በፊት አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ አማርኛ ሌላው ላይ ሲከፈት አራት ማዕዘን ሣጥን ብቻ ይታይ ነበር። ፕሮግራሙም የሚገኘው ከወዳጅ ወደ ወዳጅ በፍሎፒ ተገልብጦ ነው። አሁንም በሰው።

የጎረቤታችን ኮምፒውተር ምን ሆነ እንዳትሉኝ፣ ዳነ። ከተማ ውስጥ ቴፕና ቴሌቪዥን የሚጠግን ባለሙያ ከፍቶ አየውና የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ መሆኑን ነገራቸው። ከሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ፈቶ ገጠመለት። ያን ዕለት እናትዬው ጠጋኙን ሁለት ጊዜ መረቁት። ሦስተኛውን ምርቃት ማን መውሰድ እንደነበረበት እናንተም ታውቃላችሁ፤ «115 ይላል» ያለው ልጅ። ግን ማንም አላስታወሰውም። እኔ ራሴ ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ኮምፒውተሩ የመንደሩ ሆነ። የሠርግ ጥሪ ተጻፈበት፤ የሥራ ማመልከቻ ተጻፈበት፤ የዕድር ስም ዝርዝር ተጻፈበት። ደግሞ በዚያው ሰሞን ዲቪ ወረቀት መቀበል አቆመ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። በ1997 ኅዳር ላይ የሰፈሩ ወጣት ፎቶ ቤት ያስገለበጠውን ፎቶ በፍሎፒ ይዞ ተሰለፈ። የፖሊው ተማሪ ፎቶውን በሚፈለገው መጠን ያስተካክልለታል፤ ወጣቱ ፍሎፒውን ይዞ ድልድዩን ተሻግሮ ኢንተርኔት ቤት ይሄዳል። ዲቪ ያመጣው ኮምፒውተር ተመልሶ ዲቪ ይሞላ ጀመር። ከዓባይ ማዶ ወደ ባሕር ማዶ።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ያ ልጅ አልነበረም፤ ዕድሜው አልደረሰም። ማታ ማታ ግን እየመጣ ከተማሪው ትከሻ ኋላ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን «ለምን እናትህን ኮምፒውተር አትጠይቅም?» ብዬ ቀለድኩበት። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ መልስ ይመልሳል ብዬ አልጠበቅሁም። «እኛ ሰው የለንም» አለኝ። ገንዘብ የለንም አላለም። ሰው የለንም።

ያቺ ቃል ከእኔ አልወጣችም። ሞንትጎመሪ ዋርድ ያየው የአሜሪካ ገበሬም እኮ ሰው አልነበረውም። ቺካጎ ዘመድ አልነበረውም። አድራሻ ነበረው፤ ፖስተኛ ነበረው፤ ካልወደድክ መልስ የሚል ቃል ነበረው። ያ ማለት ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ እንዳለው ይቆጠራል ማለት ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አልክድም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር አለ። ባሕር ዳር ሆኖ በቴሌግራም ላፕቶፕ መርጦ፣ በስልክ ከፍሎ፣ በባጃጅ ደጁ ድረስ ማስመጣት ይቻላል። በእርግጥ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ይህ ሁሉ እንዴት በቀጭን ክር ላይ እንደተንጠለጠለ አይተናል። ኔትወርኩ ሲኖርም ቢሆን ገዢው «ዕቃውን ሳላይ አልከፍልም» ይላል፤ ሻጩ «ሳይከፈለኝ አልክም» ይላል። በመጨረሻ አንዱ ለአንዱ የሚጠይቀው ያንኑ የጥንቱን ነው፤ «የምታውቀው ሰው አለ?»

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተመረቀ። አንድ ምሽት ዓባይ ማዶ ልደርስ በእግሬ ስሻገርበት ሳስብ የነበረው ይህን ነው። ድልድይ ሳይኖር ወንዝ የሚሻገረው በታንኳ ነው። ታንኳ ባለቤት አለው፤ ባለ ታንኳው ካወቀህ ያሻግርሃል፤ ካላወቀህ ዳር ቆመህ ትጣራለህ። ድልድይ ግን የማን ዘመድ ነህ ብሎ አይጠይቅም። የጉሊት ነጋዴዋም ልጅ፣ አሜሪካ እህት ያለውም ልጅ እኩል ይሻገሩበታል። አደራችን ታንኳችን ነው፤ ብዙ ዘመን አሻግሮናል፤ ይክበር። ግን ድልድይም ያስፈልገናል። አድራሻ ያለው ቤት፣ የሚደርስ ፖስታ፣ ሳያውቅህ ቃሉን የሚጠብቅልህ ነጋዴ፤ ይህ ሁሉ ድልድይ ነው። አደራን ለማናውቀው ሰውም የምንጠብቅ ከሆነ ግማሹን ሠርተነዋል ማለት ነው።

ያ ልጅ ዛሬ የት ነው ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ክረምቱን ያን ፓወር ሰፕላይ የቀየረው ጠጋኝ ዘንድ ሲላላክ ከረመ፤ ከዚያ ትምህርቱንና ጥገናውን አንድ ላይ ያዘ። አሁን የራሱ ትንሽ ሱቅ አለው። በዓባይ ማዶ ከአሜሪካ የመጣ ማናቸውም ዕቃ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት እሱ ጋ ይወሰዳል። አገላብጦ ከኋላው የተጻፈውን ያነባል። ማንም ዞር በል አይለውም።

ድልድዩ እስኪሠራ ግን ምን ይደረግ? ይህን የጻፍኩበት ላፕቶፕ ባትሪው ደክሞ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። እሱ ጋ ብወስደው «ጋሼ፣ የዚህ ባትሪ እዚህ አገር አይገኝም» አለኝ። እናንተ ማዶ ሆናችሁ የምታነቡኝ፣ መቼም አታስቀይሙኝም፤ የሚመጣ ሰው ካለ…